«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»፦ በእድር ቤት የሸማች መብት ሥልጠና እንዴት ይዘጋጃል?

ከአያት አልፎ ወደ የካ አባዶ ወይም ወደ ቦሌ አራብሳ የሚዘልቅ ሰው በየሱቁ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ሳያይ አይመለስም፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። አንዳንዱ ባለሱቅ በቀይ እስክርቢቶ «አይለወጥም» የሚል ይጨምርበታል። ነዋሪው ደግሞ ወረቀቱን ከአዋጅ እኩል ያምነዋል።

እኔ ነጻ የሕግ ምክር በሚሰጥ አነስተኛ ቢሮ የምሠራ የሕግ ባለሙያ ነኝ። ወደ እኛ ከሚመጣው ሸማች ብዙው ሕጉ ከእሱ ጋር ነው፤ ማስረጃው ግን የለውም። ጉዳዩ የሚበላሸው እኛ ዘንድ ሳይደርስ፣ ገና ዕቃው በተገዛበት ቀን ነው። ስለዚህ ቢሮ ቁጭ ብለን ከምንጠብቀው፣ ሰዉን ባለበት በእድር ቤት ቀድመን ብናገኘው ይሻላል ብለን ሥልጠና ጀመርን። የሚከተለው መመሪያ ለእድር ኮሚቴዎች፣ ለሴቶች ማኅበራትና ይህን ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ ትንንሽ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ነው።

አስቀድሞ ቅሬታ መልቀም

መጥፎ ሥልጠና አዋጅ በማንበብ ይጀምራል። በመጀመሪያው ዓመት እኛም እንዲሁ አድርገን ነበር፤ በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ግማሹ አዳራሽ አንቀላፋ።

ከሥልጠናው ቀደም ባለው የወር መዋጮ ቀን ጸሐፊው በገንዘብ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር ያስቀምጥ። አባሉ መዋጮውን ሲከፍል «ዘንድሮ ገዝተኸው ያበሳጨህ ዕቃ አለ?» ብሎ ይጠይቀው። የሚጻፉት አራት ነገሮች ናቸው፦ ምን ተገዛ፣ መቼ ተገዛ፣ ብልሽቱ መቼ ታየ፣ ደረሰኝ አለ ወይስ የለም። የሱቁ ስም አይጻፍ። ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው፤ ባለሱቁ ራሱ የእድሩ አባል ነው። ነገ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚሸከመው እሱ ነው። አዳራሽ ውስጥ ስሙ ተነሥቶ ከተዋረደ ሥልጠናው ወደ ሽምግልና ይለወጥና ቀኑ ያልቃል። ይልቁንስ ሁለት ወይም ሦስት ባለሱቆችን ጋብዙ። አብዛኛዎቹ የሕጉን ግዴታ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው፤ ሲያውቁትም ከገመታችሁት በላይ ይተባበራሉ።

ደብተሩ ሲሞላ ሰፈሩን ታነቡበታላችሁ። እኛ ጋር ደጋግመው የሚመጡት የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የውኃ ፓምፕ፣ እርጥበት ገብቶት የደረቀ ሲሚንቶ፣ የጎደለ ጤፍ ናቸው። አዲስ ቤት የገባ ሰው የሚገዛው ይህንኑ ነውና አያስገርምም።

ቀንና ቦታ

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከሁለት ሰዓት ያልበለጠ። ጥሪውን ጥሩምባ ነፊው እንዳያደርሰው ተጠንቀቁ፤ በአንድ ሰፈር ይህ ተደርጎ ሰዉ «ማን ሞተ?» እያለ ነጠላውን ዘቅዝቆ መጥቶ ነበር። አበል አትክፈሉ። ቡና፣ ዳቦና ፎቶ ኮፒ ይበቃል። አበል ፈልጎ የመጣ ሰው ደረሰኝ ይዞ አይመጣም።

በጥሪው ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጨመር፦ «በቤታችሁ ያለ ማንኛውንም ደረሰኝ ይዛችሁ ኑ።»

ሕጉን ማጣራት

መነሻው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። ነጋሪት ጋዜጣው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ይገኛል። የአማርኛውን ቅጂ አንብቡ፤ ከእንግሊዝኛው ጋር ልዩነት ቢፈጠር የሚጸናው አማርኛው ነው። ከእያንዳንዱ ሥልጠና በፊት አዋጁ መሻሻል አለመሻሻሉን አንድ የሕግ ባለሙያ ጠይቁ። ይህን የምለው ለይስሙላ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። ሆኖም እስከ ዛሬ ድረስ «አቤቱታችሁን ለባለሥልጣኑ አቅርቡ» የሚል የሥልጠና ወረቀት እጄ ይገባል። የሌለ መሥሪያ ቤት ፍለጋ ከየካ አባዶ መሐል ከተማ ደርሰው የተመለሱ እናት አውቃለሁ። የሄዱበት ቀን፣ የታክሲውም ገንዘብ ባከነ።

ከአዋጁ ለተራ ሸማች የሚያስፈልገው እፍኝ የምትሞላ ነገር ናት። ስለምትገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለህ። አማርጠህ የመግዛት መብት አለህ፤ ዕቃውን ስላገላበጥህ ወይም ዋጋ ስለተከራከርህ የመግዛት ግዴታ የለብህም። ነጋዴው በአክብሮት ሊያስተናግድህ ይገባል፤ መሳደብና ማስፈራራት አይችልም። ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ዕቃው ብልሽት ካለበት ከገዛህበት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥልህ ወይም ገንዘብህ እንዲመለስልህ መጠየቅ ትችላለህ። ለደረሰብህ ጉዳትም ካሣ ልትጠይቅ ትችላለህ።

ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀትስ? ቀለሙን ስላልወደድከው ወይም ጎረቤትህ በርካሽ ስለገዛ ዕቃ ልመልስ ብትል ባለሱቁ «አይሆንም» ማለት ይችላል። ብልሽት ላለበት ዕቃ ግን በማጣበቂያ የተለጠፈ ወረቀት አዋጅ አይሽርም። ይህን ልዩነት በደንብ ካላስረዳችሁ ሰልጣኙ በማግስቱ የለበሰውን ጫማ ይዞ ሱቅ ይሄዳል።

አንድ ረቂቅ ነጥብ አለ፤ ብዙ አሠልጣኝ ይዘለዋል። አዋጁ «ሸማች» የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን የተፈጥሮ ሰው፣ ማለትም ድርጅት ያልሆነን ግለሰብ ነው፤ ለማምረት ወይም መልሶ ለመሸጥ የሚገዛን አይደለም። ለልጆቿ እንጀራ የምትጋግር እናት በምጣዷ ላይ ሸማች ናት። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት የምታቀርበው ጎረቤቷ ግን ያንኑ ምጣድ ከዚያው ሱቅ ብትገዛም በዚህ አዋጅ ሸማች ለመባል ትቸገራለች። እድሩ ራሱ ለድንኳን የገዛው ሸራ ቢቀደድም እንደዚሁ ነው፤ እድር የተፈጥሮ ሰው አይደለም። እነዚህ መብት የላቸውም ማለት ግን አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ያለበትን ዋስትና ይደነግጋል። ጥያቄያቸውን በዚያ በኩል ያቀርባሉ።

ደረሰኙን በእጅ ይዞ ማንበብ

ሥልጠናው እውነተኛ ሥልጠና የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ከሁለቱ ሰዓት አርባ ደቂቃውን ስጡት።

ሁሉም ያመጣውን ደረሰኝ ያውጣ። ከቦርሳ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ መሐል፣ ከስልክ ልባስ ሥር ይወጣል። የሻጩን ስምና አድራሻ፣ አሥር አኃዝ ያለውን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ቀኑን፣ የዕቃውን ስምና ዋጋውን በጣታቸው እየነኩ ያግኙ። የተጨማሪ እሴት ታክስ ካለበት 15 በመቶ መሆኑን በስልካቸው ያስሉ፤ 4,000 ብር ላይ 600፣ ድምር 4,600። ከዚያ ወሳኙን ጥያቄ ጠይቁ፦ «ዕቃው ምን ተብሎ ነው የተጻፈው?» አንድ እናት የምጣድ ደረሰኝ ብለው ያመጡት ላይ የተጻፈው «ልዩ ልዩ ዕቃ» ነበር። ሞዴል የለ፣ ቁጥር የለ። ከማሽኑ ደረሰኝ ጋር የሚያያዝ የእጅ ደረሰኝ፣ አታችመንት የሚባለው፣ ካለ የዕቃው ዝርዝር እዚያ ላይ እንዲጻፍ ከሱቁ ሳይወጡ መጠየቅ ነው።

ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ትርኢት አሳዩ። የማሽን ደረሰኝ ሙቀት ያጠቁረዋል፣ ፀሐይ ያነጣዋል። አንድ አላስፈላጊ ደረሰኝ ወስዳችሁ ትኩስ የቡና ሲኒ ጫኑበት፤ ጥቂት ቆይታችሁ አንሡት። ሲኒው ያረፈበት ቦታ ጥቁር ክብ ሆኖ ጽሑፉ ይጠፋል። አዳራሹ ያጉረመርማል። ያን ጊዜ «ደረሰኛችሁን ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡ፤ በገዛችሁበት ቀን ፎቶ ኮፒ አድርጉ፣ በስልክም አንሡት» ብትሉ ከአንድ ሰዓት ስብከት ይልቅ ይሰማችኋል።

የ1,200 ብር ፈተና

አሁን የራሴን ጉድ ላውራ። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ግፊቱም አናሳ ነው። ፓምፕ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ «በደረሰኝ 9,200፣ ያለ ደረሰኝ 8,000» አለኝ። ስንት ጊዜ ስለ ደረሰኝ ያስተማርኩ ሰው 1,200 ብር አየሁና 8,000ውን ቆጥሬ ሰጠሁ። ፓምፑ በስድስተኛው ቀን ጭስ አወጣ። ተሸክሜው ስመለስ ባለሱቁ በትሕትና «ጌታዬ፣ ከእኛ ስለመግዛትዎ ምን ይዘዋል?» አለኝ። ምንም አልያዝኩም ነበር። 1,200 ለማትረፍ 8,000 ሰጥቼ ወጣሁ።

ይህን ታሪክ ተናገሩና ጨዋታውን ክፈቱ። አንዱ ሻጭ፣ አንዷ ገዢ ይሁኑ። እውነተኛ ባለሱቅ ሻጩን ቢጫወት አዳራሹ በሳቅ ይሞላል፤ ምክንያቱም ሁሉንም ማባበያ ያውቀዋል። «ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ»፣ «መንግሥት ይብላው?»፣ «እኔ እያለሁ ምን ደረሰኝ ያስፈልጋል?» ይላል። ገዢዋ መልስ ትፈልግ። እስካሁን ከሰማኋቸው ምርጡ የአንድ አዛውንት እናት ነው፦ «እሺ ልጄ፣ የተቃጠለ እንደሆነ አንተን የት አገኝሃለሁ? ሱቅህ ውስጥ ሌላ ሰው ተቀምጦ ባገኝስ?» ባለሱቁ ሣቀና «በደረሰኝ ይሁንልዎት» አለ።

ያለ ደረሰኝ ገዝቶ የመጣውን ሰው ግን አታሸማቅቁት፤ ቀዳዳ አለው። ለተንቀሳቃሽ ዕቃ ሽያጭ ሕጉ የጽሑፍ ውል ግዴታ አላደረገም። ስለዚህ ሌላ ማስረጃም ይሠራል፦ አብሮ የነበረ ምስክር፣ ካርቶኑ ላይ ያለው መለያ ቁጥር፣ በቴሌብር ከተከፈለ ከ127 የሚመጣው መልእክት፣ የባንክ ማስተላለፊያ ወረቀት። በግል ሒሳብ ቁጥር ክፈል የተባለ ሰው የሒሳቡ ባለቤት ስም ከሱቁ ስም ጋር መመሳሰሉን ያስተውል። ልዩነት ካለ ቆም ብሎ ይጠይቅ።

አሥራ አምስቱ ቀን የሚያልቀው ካርቶን ውስጥ ነው

በዳር ሰፈር ሰው ዕቃ የሚገዛው ቤቱ ለመኖሪያ ሳይደርስ ነው። የኮንዶሚኒየሙን ቁልፍ ተረክቧል፣ መብራት ገና አልገባም፤ ምጣዱና ማቀዝቀዣው ግን «ዋጋ ሳይጨምር» ተገዝቶ በካርቶኑ ተቀምጧል። ከሁለት ወር በኋላ ሲከፈት አይሠራም። ቀኑ የሚቆጠረው ከግዢው እንጂ ካርቶኑ ከተከፈተበት አይደለም።

ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ ሱቁ ውስጥ ተሰክቶ፣ ሞቆ፣ ቀዝቅዞ ይታይ። ምጣድ ከሆነ መሐሉም ጠርዙም እኩል መጋሉን ውኃ ጠብ እያደረጉ ማየት ነው፤ ጠብታው በአንድ በኩል ተንጫጭቶ በሌላው በኩል ዝም ካለ የውስጡ ሽቦ ችግር አለበት። ሻጩ ዋስትና አለው ካለ በጽሑፍ፣ ከነጊዜው። አዋጁ ለሸማቹ የተሻለ ዋስትና ካለ እሱን አይነካም፤ የስድስት ወር ዋስትና የጻፈ ነጋዴ በስድስት ወሩ ይጠየቃል። 15 ቀኑ ካለፈም ነገሩ ሁሉ አበቃ ማለት አይደለም፤ የፍትሐ ብሔሩ መንገድ አለ። ብልሽቱን እንዳያችሁ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ለሻጩ አሳውቁ፤ ማሳወቃችሁንም የሚያሳይ ነገር ያዙ።

የማለፊያ ቀንና ሚዛን

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ ሰዉ የሚወደው ግን ይህን ነው። ከውጭ የሚገባ የታሸገ ምግብ ላይ የሚጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። «06/2025» የሚለውን ያየ ሰው በእኛ አቆጣጠር አስቦ ገና ዓመታት የቀሩት ይመስለዋል፤ ትርጉሙ ግን በሰኔ 2017 አካባቢ ያልፍበታል ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው 7፣ ከዚያ በኋላ ባለው 8 ዓመት መቀነስ ነው። ጊዜው ያለፈበት ወይም የተበላሸ ምግብና መድኃኒት ካገኛችሁ ማሸጊያውን ሳትጥሉ በ8482 ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ደውሉ። ጥሪው ነጻ ነው።

ለሚዛን ደግሞ ያልተከፈተ ባለ ሁለት ሊትር ውኃ ይዛችሁ ሂዱ። ውኃው ሁለት ኪሎ ነው፤ ላስቲኩ ጥቂት ግራም ይጨምራል። ሚዛኑ 2.2 ካለ 25 ኪሎ ጤፍ ስትገዙ ወደ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ እዚያው ሚዛኑ ላይ ይቀራል። ባለሱቁን ሌባ ከማለታችሁ በፊት ግን ሚዛኑ ከመሬቱ ጋር ተስተካክሎ መቀመጡን እዩ።

ማመልከቻ መጻፍ

መጀመሪያ ባለሱቁ ዘንድ መሄድ ነው፤ በሰላም፣ ከአንድ ምስክር ጋር። ብዙው ጉዳይ እዚያው ያልቃል። እምቢ ካለ ማመልከቻ ይጻፋል። ራፖር ጸሐፊ ዘንድ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ «እጅግ በከፋ ሁኔታ በደል ደርሶብኝ በዕንባ ስለማመለክት» የሚል ሁለት ገጽ ይዞ ይመጣል፤ ዕቃው መቼ እንደተገዛ ግን አይገኝበትም። ይህችን ሰሌዳው ላይ ጽፋችሁ ሁሉም ይቅዳት፦

*ቀን፦ መጋቢት 15 ቀን 2017*
*በ...... ክፍለ ከተማ ለወረዳ ...... ንግድ ጽሕፈት ቤት*
*አመልካች፦ ......  አድራሻ፦ ......  ስልክ፦ ......*
*ጉዳዩ፦ ብልሽት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥልኝ ወይም ዋጋው እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ*
*መጋቢት 3 ቀን 2017 ...... ከተባለው ሱቅ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ4,600 ብር ለቤቴ አገልግሎት ገዝቻለሁ። መጋቢት 9 ቀን ምጣዱ መጋል አቁሟል። መጋቢት 10 ቀን ከአንድ ምስክር ጋር ሄጄ እንዲለወጥልኝ ብጠይቅ ሻጩ ፈቃደኛ አልሆነም። ስለዚህ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ዕቃው እንዲለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ እንዲመለስልኝ እንዲደረግ አመለክታለሁ።*
*አባሪ፦ የደረሰኝ ቅጂ 1 ገጽ፣ የዕቃው ፎቶግራፍ 2*
*ፊርማ፦ ......*

በዚህ ላይ የሚጨመር ዕንባ የለም። ዋናው ደረሰኝ ከእጃችሁ አይውጣ፤ የሚሰጠው ቅጂው ነው። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅና መዝገብ ቤት ሲገባ በእናንተ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይደረግበት። «ሂዱ፣ እንደውላለን» ቢሏችሁ ያለ ማኅተም ከመስኮቱ አትነሡ። በ14ኛው ቀን አመልክቶ በ30ኛው ቀን «አልመጣህም» የሚባል ሰው የሚድነው በዚያች ማኅተም ነው።

ወዴት ይሄዳል?

ሱቁ ያለበትን ቦታ እንጂ የእናንተን ቤት አትመልከቱ። ሱቁ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ ከወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ተጀምሮ ወደ ክፍለ ከተማው፣ ከዚያም ወደ ከተማው ንግድ ቢሮ ይኬዳል። ለእኛ ሰፈር ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ለገጣፎ ገበያ የወጣ የየካ አባዶ ነዋሪ ሳያውቀው የአስተዳደር ወሰን ተሻግሯል፤ ሱቁ በኦሮሚያ ክልል ሸገር ከተማ ሥር ነው። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ቢያመለክት «አይመለከተንም» ይባላል፤ ባይዋሹትም ቀኑ ያልቅበታል። በዚያ በኩል የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውን የሚጽፍለት ሰው ከወዲሁ ይፈለግ። በእያንዳንዱ እድር ውስጥ አፋን ኦሮሞ አጣርቶ የሚጽፍ አባል አይጠፋም፤ በሥልጠናው ቀን ስሙን መዝግቡ። ጥርጣሬ ካለ ደረሰኙ ላይ ያለው አድራሻ ይፈታዋል።

ገንዘቡ ከፍ ያለ ከሆነ ወይም ካሣ የሚጠየቅ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ያመራል። እዚህ ላይ እድሩ ወሰኑን ይወቅ። ማመልከቻ በማርቀቅ መርዳት፣ አብሮ መሄድ፣ መመስከር ይቻላል፤ ያለ ጥብቅና ፈቃድ በክፍያ ለሌላ ሰው መከራከር ግን አይቻልም። አቅም ለሌለው ሰው ነጻ አገልግሎት የሚሰጡ ጠበቆችና የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ። በቤተሰብ ጉዳይም ጭምር ለተቸገሩ ሴቶች የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ።

ደብተሩ አይዘጋ

ያ የመጀመሪያው የቅሬታ ደብተር በወር መዋጮው ጠረጴዛ ላይ ይቆይ። አምስተኛ ዓምድ ይጨመርበት፦ «ምን ላይ ደረሰ?» ጸሐፊው በየወሩ አባሉን እያስታወሰ «ተለወጠ»፣ «ገንዘቡ ተመለሰ»፣ «ማኅተም ተደርጎበት ቀጠሮ ተሰጠ» እያለ ይሙላው። ሁለተኛውን ሥልጠና ስታዘጋጁ ከዚህ ዓምድ ጀምሩ፤ በተለይ «ተለወጠ» ከተባለላቸው አባላት አንዱን ወይም አንዷን ፊት አውጥታችሁ ደረሰኙን ከፍ አድርገው እንዲያሳዩ አድርጉ። እኛ ጋር ባለፈው ጊዜ የወጡት ያ «ልዩ ልዩ ዕቃ» የተጻፈበትን ደረሰኝ ይዘው መጥተው የነበሩት እናት ናቸው። አዲሱ ደረሰኛቸው ላይ «የኤሌክትሪክ ምጣድ» ተብሎ ከነሞዴሉና ከነመለያ ቁጥሩ ተጽፏል፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከምድጃው ርቆ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደሚያስቀምጡትም ነገሩን።